ከወለሉ በታች

«ቤት» ሲባል አስቀድሞ በዓይነ ኅሊናችን የሚደቀነው የሚታየው ነገር ነው፤ ጣራው፣ ግድግዳው፣ በሩና መስኮቱ። ቤቱን የሚያስጎበኝ ሰው እንግዳውን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ጓዳ እየመራ «ይህን ይዩልኝ፣ ያንን ይዩልኝ» ይላል እንጂ፣ «አሁን ከቆሙበት ሥር አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ የውኃ መስመር ያልፋል» የሚል ባለቤት እስካሁን አልገጠመኝም። በሥነ ጽሑፋችንም ምሰሶው፣ ምድጃው፣ ደጃፉ፣ ከጣራው የሚወጣው ጢስ ሳይቀር የየራሳቸውን ድርሻ አግኝተዋል። የቧንቧ ዕጣ ግን ሌላ ነው፤ በደኅና ቀን ማንም አያስታውሰውም፣ በታመመ ዕለት ቤተ ሰቡን ሁሉ ሰብስቦ ያነጋግራል።

በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ሰው ትንሽ ይለያል። ውኃ በፈረቃ የሚደርሰው የከተማችን ነዋሪ ቧንቧውን በጆሮው ያውቀዋል። ሌሊት ነው፤ ሰፈሩ ተኝቷል። ለቀናት ደርቆ የሰነበተው ቧንቧ መጀመሪያ ያስነጥሳል፤ በውስጡ ታስሮ የቆየውን አየር ይተፋል። ቀጥሎ ዝገት የለበሰ ቀይ ውኃ ያወጣል። ጥቂት ቆይቶ ይጠራል። ያን ጊዜ በየቤቱ መብራት ይበራል፣ የባልዲና የጀሪካን ድምፅ ይሰማል፣ ከማማው ላይ ያለው ሮቶ መሙላት ይጀምራል። «ሮቶ» የአንድ አምራች ስም ነበር፤ እኛ ግን ለውኃ ማጠራቀሚያ በርሜል ሁሉ መጠሪያ አድርገነዋል። አንድን ዕቃ አጥብቀን ስንፈልገው ስሙን እንወርሰዋለን መሰለኝ።

ይህች ከተማ ከቧንቧ ጋር የተዋወቀችው በመደነቅ ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ውኃ ስቦ እስከ ዐፄ ምኒልክ ግቢ ሲያደርስ፣ ሕዝቡ ውኃ ዳገት ሲወጣ አየሁ ብሎ ተገረመ። ነገሩ ምትሃት አልነበረም፤ ምንጩ ከግቢው በላይ ስለ ነበር፣ በመካከል ያለውን ሸለቆ የወረደው ውኃ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሆኖ ወደ መነሻው ከፍታ ለመመለስ ይገፋል። ዛሬ በየቤታችን ሮቶውን ማማ ላይ የምንሰቅለው በዚሁ ሕግ ነው። አሥር ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ውኃ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ በሦስት ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ ከዚያ ሲሶውን ያህል። ከሮቶ የሚወርደው ሻወር ለምን እንደሚንጠባጠብ የሚያማርር ሁሉ መልሱ ይኸው ነው።

ለግቢው ውኃ የንጉሠ ነገሥቱም የመሐንዲሱም ስም በታሪክ ተመዝግቧል፤ የሚገባም ነው። ቦዩን የቆፈሩት፣ ቧንቧውን በትከሻቸው ያጋዙት፣ ኋላም በፈነዳ ቁጥር ሌሊት ተጠርተው የጠገኑት ግን ስም የላቸውም። ያ ዘመን ባለ እጁ በሙያው የሚሰደብበት ዘመን ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ አይሰማም። ይሁን እንጂ የሠራውን ስናወድስ የጠገነውን የመርሳት ልማዳችን አሁንም አለ። ይህን ሁሉ ያሳሰበኝ ባለፈው ክረምት በወላጆቼ ቤት የሆነው ነገር ነው።

ቤቱ ኮተቤ ነው። አባቴ በ1978 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ ከደሞዙ እየቆጠበ የሠራው ባለ ሦስት መኝታ ቤት ነው። ከለገዳዲ የሚነሣው ውኃ ወደ ከተማው የሚዘልቀው በእኛ በኩል ስለሆነ፣ አባቴ «ወንዙ በደጃችን ያልፋል፤ እኛ ፈረቃ እንጠብቃለን» እያለ ይቀልድ ነበር። እሱ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። እናቴ ከአንዲት የአክስቴ ልጅ ጋር እዚያው ትኖራለች።

የውኃው ሒሳብ ከወር ወር እየጨመረ መጣ። ሁለት ሴቶች ብቻ በሚኖሩበት ቤት የሚበላው ውኃ የአንድ ትንሽ ሆቴል ያህል ሆነ። ከዚያ በኮሪደሩ ጫፍ፣ ወደ ማእድ ቤቱ በሚወስደው ግድግዳ ላይ ክር የመሰለ ስንጥቅ ታየ። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ በስንጥቁ ውስጥ ሳንቲም ማስገባት ተቻለ። የግቢያችን አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመውን ቤት አንድ ጊዜ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አንድ ጊዜ ከሥሩ ይሸሸዋል። ስለዚህ ነገሩ የሒሳብ ብቻ አልነበረም፤ ቤቱ ራሱ በጸጥታ እየታመመ ነበር። አበው ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። የእኛ ውኃ ግን ሳቁም አልተሰማ፤ ወለሉ ደረቅ፣ ግቢው ደረቅ፣ ቧንቧዎቹ ሁሉ የተዘጉ።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው፤ ማንኛውም የቤት ባለቤት ሊያደርገው ይችላል። ውኃ በመጣ ሌሊት፣ ሮቶው ሞልቶ ተንሳፋፊው ከዘጋ በኋላ፣ በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግቶ ወደ ቆጣሪው መሄድ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ዘዋሪ ቆማ ከሆነ ቤቱ ደኅና ነው። እየዞረች ከሆነ፣ ዓይን ባያየውም በሆነ ቦታ ውኃ እየሄደ ነው። የእኛዋ ትዞር ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሰፈሩ ተኝቶ በዋናው መስመር ላይ ያለው ግፊት ሲያይል፣ ከቀድሞው ፈጥና ትዞር ነበር።

ሁለት ወጣት የቧንቧ ሠራተኞች ተጠርተው መጡ። ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ቅን ልጆች ናቸው። መስመሩን ከቆጣሪው ተነሥተው አሰሉና በሳሎኑ ሥር እንደሚያልፍ ነገሩን፤ እውነታቸውንም ነበር። የዚያ ዘመን ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፤ ከአርባ ዓመት ግድም በኋላ ቅባቱ ያልቃል፣ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። ስለዚህ ፍርዳቸው የሳሎኑን ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰብሮ መስመሩን ማውጣት ሆነ። ሜሪላንድ ያለው ታናሽ ወንድሜ በስልክ ይህን ሲሰማ፣ «ከምትሰብሩት ሸጣችሁት እማማን ኮንዶሚኒየም ብታስገቧት አይሻልም?» አለ። እኅቴ ደግሞ «ይሰበርና ሴራሚክ ይነጠፍ፤ ወለሉም አርጅቷል» አለች። ሁላችንም ተናገርን። እናቴ ብቻ ዝም አለች።

ኋላ የተናገረችው አንድ ነገር ነው። «አባታችሁ ይህን ታይል ሲያስነጥፍ እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ሰባቱ ተሰብረው መጥተው መልሼ አስለውጫቸዋለሁ። እኔ ከሞትኩ በኋላ የፈለጋችሁትን ስበሩ።»

ይህን የመሰለ ቃል ከተነገረ በኋላ መዶሻ የሚያነሣ ልጅ የለም። ስንጥቁ ግን ቃል አያከብርም፤ በየሳምንቱ ይሰፋል። በቤታችን ውስጥ ሁለት እውነቶች ተፋጠጡ፤ ወለሉ ካልተሰበረ ቤቱ ይጎዳል፣ ወለሉ ከተሰበረ እናታችን ትጎዳለች።

በዚህ መካከል ጎረቤት ያመጣልን ሽማግሌ ባለሙያ ወደ ግቢያችን ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያናዊ ተቋራጭ ዘንድ መሣሪያ እያቀበሉ የጀመሩ ናቸው፤ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን፣ ጓርኒሲዮኑን ሲጠሩ የዚያ ዘመን ድምፅ ከአፋቸው ይሰማል። እንደ ወጣቶቹ ወደ ቆጣሪው ያመራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው ቆባቸውን አውልቀው በረንዳው ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ እዚህ ቤት እንደገቡ ልብስ የሚያጥቡት የት ነበር?»

እናቴ ግራ ገባት። «ልብስ?»

«አዎ፣ የልጆቹን። የመጀመሪያውን ልጅ የሽንት ጨርቅ የት ነበር የሚያጥቡት?»

«ከኋላ ነዋ፣ ማእድ ቤቱ ሳይሠራ፣ ከኮባው ሥር።»

«ውኃውን ከየት ያመጡ ነበር? ከቤት ውስጥ?»

«የምን ከቤት ውስጥ! እዚያው ቧንቧ ነበረ እኮ።» ይህን ብላ ቆመች። ከዚያም ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ ዝግ ብላ፣ «ቧንቧ ነበረ» አለች።

ከእኛ ከልጆቿ አንዳችንም ያን ቧንቧ አናውቀውም። የመጀመሪያዋ ልጅ እኔ ነኝ፤ ያ የሽንት ጨርቅ የእኔ ነው። ቧንቧው የተዘጋው በ1985 ዓ.ም. ማእድ ቤቱ ሲሠራ ነው። እናቴ ያን ዕለት በረንዳው ላይ ተቀምጣ የነገረችንን ያህል ከአባቴ ለቅሶ ወዲህ ተናግራ አታውቅም። ለካ ቤቱ እንደተሠራ በአካባቢው ቆጣሪ ያስገባነው እኛና ሌላ አንድ ቤት ብቻ ነበርን። ሌላው ሰው ከቦኖ ነበር የሚቀዳው፤ ቦኖው ደግሞ ሩቅ ነው። አባቴ የኋላውን ቧንቧ ያስወጣው ለልብስ ማጠቢያ ብቻ አልነበረም። ከአጥሩ አንድ ቆርቆሮ ተነቅሎ ጎረቤቶች እንስራና ጀሪካናቸውን ይዘው በዚያ በኩል ይገቡ ነበር። እናቴ ተራ ታስይዝ ነበር፤ አራስ ያለበት ቤት ተራ አይጠብቅም። ሒሳቡን በወሩ መጨረሻ አባቴ ይከፍላል። «ሲያመው ከነገሩ ሁሉ የሚያስታውሰው ያን ቧንቧ ነበር» አለች። ለእኛ ነግራን አታውቅም፤ ጠይቀናትም አናውቅም፤ ቧንቧ ምን ብሎ ይጠየቃል?

ሽማግሌው የሚፈልጉትን አግኝተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቁጥርና የጆሮ ነው። ያ ዓይነት ብረት የሚመጣው በስድስት ሜትር ቁመት መሆኑን ያውቃሉ። ከቆጣሪው ተነሥተው በእርምጃ ለኩ፤ መጋጠሚያው የት ሊያርፍ እንደሚችል በኖራ ምልክት አደረጉ። ውኃ በመጣ ሌሊት ተመልሰው መጥተው፣ አንድ ዘንግ ፌሮ መሬት ላይ ተክለው ጫፉን ከጆሮአቸው አስጠጉ። ብረት ድምፅ ያስተላልፋል፤ ከመሬት በታች የሚያመልጥ ውኃ ደግሞ ቀጭን ፉጨት አለው። ከምልክት ወደ ምልክት እየሄዱ፣ በአራተኛው ላይ ቆሙና ወደ እኔ ዘወር ብለው ፌሮውን ሰጡኝ። እኔም ሰማሁት። በእንቅልፍ ልብ እንደሚተነፍስ ሕፃን ያለ ድምፅ ነው።

በማግሥቱ ከማእድ ቤቱ ግድግዳ ውጭ፣ ከግቢው በኩል ተቆፈረ። ከጉልበት ጥቂት ከፍ በሚል ጥልቀት ላይ ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ ተገኘ። ሁለቱ አፎች የመስመሩ ናቸው፤ ሦስተኛው ድሮ ወደ ኮባው ሥር ይሄድ የነበረው ነው። ማእድ ቤቱ ሲሠራ በብረት ታፖ ደፍነውት ኖሯል። ታፖው እንደ ብስኩት ተፈርፍሮ ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ ያጠጣ አፍ፣ ከተዘጋ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ መሬቱን ሲያጠጣ ኖሯል።

የሳሎኑ ወለል አንድ ታይል ሳይሰበር ሥራው ተፈጸመ። ሽማግሌው አሮጌውን መስመር ከቆጣሪው አጠገብ ቆርጠው ለዘለዓለሙ ዘጉት። «የቀረውም ተራውን ይጠብቃል፤ መሬት ውስጥ ይረፍ» አሉ። በምትኩ ያ የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች ተጠርተው፣ በውጭው ግድግዳ ዙሪያ አዲስ የፒፒአር ፕላስቲክ መስመር እስከ ሮቶው ዘረጉ። ይህ ቧንቧ በክር አይገጠምም፤ ሁለቱ ጫፎች በጋለ መሣሪያ ለስልሰው ተጋጥመው አንድ አካል ይሆናሉ። ልጆቹ በዚህ ሥራ ከሽማግሌው ይበልጣሉ፤ ሽማግሌውም አልሸሸጉም፣ ወንበር ስበው ያዩ ነበር። ከሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው። አሮጌው እውቀት ሕመሙን አገኘ፣ አዲሱ እውቀት አዳነው፣ አንዱም በሌላው አልሣቀም። አዲሱ መስመር በግድግዳው ላይ በግልጽ ይታያል። አያምርም ያሉ አሉ። ለእኔ ግን ነገ የሚበላሸው ነገር ከዓይን ፊት መሆኑ ራሱን የቻለ ውበት ነው።

ስንጥቁ በዋልካው መድረቅ ጥቂት ጠበበ። ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ አይዘጋምም። በአንድ በጋ ጠብቀን መስፋቱን ማቆሙን ካረጋገጥን በኋላ ብቻ እንድንለስነው ሽማግሌው መክረውናል።

በአገራችን የቤት ባለቤትነት ማረጋገጫ «ካርታ» ይባላል። ለእሱ ስንት ነገር እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፤ ከሣጥን ሥር ይቀመጣል፣ በፕላስቲክ ይሸፈናል፣ ወንድምና እኅት ስለ እሱ ይካሰሳሉ። ካርታው የቦታውን ስፋት በካሬ ሜትር ይናገራል፤ በሰሜን ማን፣ በደቡብ መንገድ እንደሚያዋስነው ይገልጻል። ከወለሉ በታች ምን እንዳለ ግን አንዲት መስመር የለውም። አባቴ የውኃውን መስመር ሥዕል አስሎ እንደሆነ አላውቅም፤ በወረቀቶቹ መካከል አላገኘነውም። የቤቱ ሌላኛው ካርታ እናቴ ነበረች። ያን ካርታ ለማንበብ ደግሞ መሐንዲስነት አላስፈለገም፤ ሴቲቱ ውኃ የተሸከመችበትን መንገድ መጠየቅ ብቻ በቂ ነበር። በዚህች ከተማ የውኃን መንገድ ከሴቶች በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ሃያ ኪሎ የተሸከመ ጀርባ ያለፈበትን አይረሳም።

አሁን በቤታችን አንድ የተማሪ ደብተር አለ። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ሣልኩት፤ ሽማግሌው በእስክሪብቶ አረሙት። ቆጣሪው፣ ዋናው መዝጊያ፣ አዲሱ መስመር፣ የተቀበረው አሮጌው መስመር፣ የፍሳሹ መውጫ ሁሉ ተጽፏል። ሮቶው የታጠበበት ቀን፣ ተንሳፋፊው የተለወጠበት ቀን፣ የማሞቂያው ጓርኒሲዮን የተቀየረበት ቀን ይመዘገባል። የሠራው ሰው ስምም ከጎኑ ይጻፋል። ይህን ያዘዘችው እናቴ ናት። «አባታችሁ ጊዜ ቦዩን የቆፈረው ልጅ ስሙ ጠፋብኝ» አለች፤ እንደ ትልቅ ዕዳ ያሳዝናት ነበር። በደብተሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ ደግሞ ከኮባው ሥር የነበረው ቧንቧ አለ፤ ከእሱ ይቀዱ የነበሩት ቤቶች፣ እሷ እንደነገረችኝ በየተራቸው። ለጥገና የሚጠቅመው ነገር የለም። ወንድሜ ፎቶውን ልኬለት ካየው በኋላ ስለ መሸጥ አላነሣም። ነገ ያነሣ ይሆናል፤ ቤት ይሸጣል፣ ይፈርሳልም። ቢሸጥ ግን የሚገዛው ሰው ከካርታው ጋር ደብተሩንም ይረከባል።

አንባቢ ሆይ፣ ወላጆችህ ቤት እንደሆንክ ወይም ቤት የሠሩት ሰዎች በሕይወት ካሉ፣ አንድ እሑድ ከቡና በኋላ መዝጊያው የት እንደሆነ ጠይቃቸው። መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ባያውቁት፣ ልብስ የት ይታጠብ እንደነበር፣ ውኃ ከየት ይቀዳ እንደነበር ጠይቃቸው። ምናልባት የምታገኘው መልስ ለቧንቧ ሠራተኛው ብቻ የሚሆን አይደለም።

ቸር እንሰንብት።